በመስኮት ላይ የተለጠፈው ጀርባ

ያዘዝኩት የመጽሐፍ መደርደሪያ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀርቶብኝ ነበርና፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ ውሃልክን ደረጃው ላይ ሳገኛቸው ደስ አለኝ። ጎረቤቴ አናጢ ናቸው፤ ይህን ስም ያወጣንላቸው ከውሃ ልክ ዝንፍ ያለ ነገር ስለማይወዱ ነው። ያን ቀን ግን ራሳቸው ዘመው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ነበር የሚወጡት።

«መደርደሪያህን እርሳው መምህር» አሉኝ። «የሥራ ጠረጴዛዬን ዛሬ ሰው ይወስደዋል። እኔ አበቃልኝ።»

ደግፌ ወደ ቤታቸው አስገባኋቸው። የመስኮቱ መስታወት ላይ የወገባቸው የኤም አር አይ ፊልም በፕላስተር ተለጥፏል። እንግዳ በገባ ቁጥር እንደ ሠርግ ፎቶ ያሳዩታል።

«ተመልከት፤ ይቺ ዲስክ ተንሸራታለች፣ ይቺኛዋ ደርቃለች። ሐኪሙ ግን ‹ቀስ እያሉ ወደ ሥራዎ ይመለሱ› ይለኛል! በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ትቼ?»

የእህታቸው ልጅ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ፣ ጠረጴዛው እንዲወጣ መንገድ ስታስለቅቅ ኖሯል፤ ጣውላ ተሸክማ ከጓዳ ብቅ አለች።

«አጎቴ፣ ሐኪሙ ያየው ፊልሙን ብቻ አይደለም» አለች ጣውላውን እያወረደች። «እግርዎን ቀና አድርጎ አንስቷል፤ በጣትዎም በተረከዝዎም እንዲራመዱ አድርጓል። ሕመሙ ወደ እግርዎ አይወርድም፤ ጉልበትም አልከዳዎትም። ከፊልሙ ጋር የሚገጥም ምልክት አላገኘም።»

«ታዲያ ወገቤን አመመኝ የምለው ውሸቴን ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! ሕመሙማ እውነት ነው። ግን ያመጣችው ያቺ ዲስክ ናት ብሎ መማል አይቻልም።»

«ልጄ፣ የታየ ነገር ታየ ነው።»

እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ለእሳቸው ፈርጄ ነበር። ልጅቱ ግን ከቦርሳዋ ሌላ ፊልም አውጥታ ከጎኑ ለጠፈችና፣ «ይህ ሰውስ እንዴት ያለ ይመስልዎታል?» አለቻቸው።

ጋሽ ውሃልክ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። «ውይ ምስኪን! ይሄስ ከእኔም የባሰበት ነው። አልጋ ላይ ነው የሚሆነው። እግዜር ይማረው።»

«አሜን» አለች። «የእኔ ነው። የሐኪም ቤታችን አዲስ ማሽን ሲፈተሽ ፈቃደኛ ሆኜ ገብቼ የተነሳሁት።»

ጋሽ ውሃልክ አንዴ እሷን፣ አንዴ ያወረደችውን ጣውላ አዩ።

«እንዲህ ያለ ዲስክ ምንም የማያማቸው ብዙ ሰዎች ላይ ይገኛል» አለች፤ « እንደ ሽበት ከዕድሜ ጋር ይጨምራል። እስቲ ይንገሩኝ፣ የጓዳዎ በር ለምንድን ነው ሲጢጥ የሚለው?»

«ማጠፊያው ነዋ።»

«እዚያ በሩ ላይ ያለው ስንጥቅ አይደለም?»

«ስንጥቁማ በሩን ስሠራውም ነበረ፤ ምንም...» ብለው ወደ ፊልማቸው ዞሩ።

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዲያ ፊልም ለምንም አይረባም በያ!» አሉ።

«ይረባል እንጂ። ሕመሙ በአንድ እግር ሲወርድ፣ ፊልሙም በዚያው በኩል ነርቭ መጫኑን ሲያሳይ፣ ያኔ ሁለቱ ገጠሙ ይባላል። እግርዎ ከሰነፈ፣ መቀመጫዎ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይምጡ።»

በሩ ተንኳኳ። ጠረጴዛውን የሚወስደው ሰው ነበር። ጋሽ ውሃልክ ዕድሜያቸውን የጨረሱበትን ጠረጴዛ በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ በከንቱ አደከምንህ» አሉት። «ጠረጴዛው ሥራ ላይ ነው።»

ፊልሙን ከመስኮቱ አንስተው ቁም ሳጥን ውስጥ ከተቱት። መጀመሪያ በግቢው ዙሪያ መራመድ፣ ቆይተውም ቀላል ጣውላ መላግ ጀመሩ። ሕመሙ አንዳንድ ቀን ይጎበኛቸዋል፤ ቢሆንም አይተኙለትም። እንቅልፋቸውም ቀልዳቸውም ተመልሷል። ፊልም የታጠቀ ወዳጅ ያለው ሁሉ ይህን ይንገርልኝ፤ ሐኪም ሕመምህን ሰምቶ፣ ሰውነትህን መርምሮ፣ ፊልሙን ከሁለቱ ጋር ሲያስተያይ ነው እውነቱ የሚገኘው። ሥዕል ብቻውን ሰውን ከሥራው ሊነቅል አይገባም።

መደርደሪያዬም ደረሰ። መካከለኛው እርከን ላይ ቀጭን ስንጥቅ አይቼ ጣቴን ብቀስር፣ ጋሽ ውሃልክ ሳቅ አሉ።

«ስንጥቁን ተወውና መጽሐፍህን ጫንበት መምህር። ሲጎብጥ ካየኸው ያኔ ጥራኝ።»