ማክሰኞ ባሕሩ ሲያርፍ የምንጎበኛቸው ድረ ገጾች

በባሕር ዳር መንደራችን በሞሬ ማክሰኞ ቀን ትኩስ ዓሣ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ካያችሁ እንግዳ ነው። ማክሰኞ ባሕሩ ያርፋል። አንድም ታንኳ አይወጣም፤ እኛ ዓሣ አጥማጆቹ ዳሱ ሥር ቁጭ ብለን መረብ እንጠግናለን። እኔ ፊፊ ደግሞ እጄ መረቡ ላይ ቢሆንም አፌ ሥራ አይፈታም። አንድ ማክሰኞ ሬዲዮ ስለዋጠና ሆዱ ሲቀደድ የስድስት ሰዓት ዜና ስለተሰማበት ዓሣ እያወራሁ ነበር። ዜናው መሃል ላይ ስደርስ አስተማሪ አፍራኮማ ሳፋ ይዛ መጣች፣ ዓሣ እንዳለም ጠየቀች። ሰው ሁሉ ሳቀ።

አፍራኮማ ባሕር ከሌለበት ከኩማሲ ከተማ ተመድባ ከመጣች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። ለክብር ናና የምንላቸው የታንኳችን አዛዥ ኤጂር፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ በትሕትና አስረዷት። ዛሬ ባሕሩን የሰው እግር እንደማይረብሸው፣ ነገ ከሰዓት ብትመጣ ግን ሳፋዋ እንደሚሞላ ነገሯት።

«ነገ የሚወጡ ከሆነስ፣ ናና፣ እኔ ያለ ዓሣ ብቀር ይሻላል» አለች።

ለምን ሲሏት ስልኳን አወጣች። ጠዋት ጠዋት ገንፎዋን ስትበላ ሦስት ድረ ገጾች ትጎበኛለች፤ ሰው ጎረቤቱን እንዴት አደርክ እንደሚለው። አንዱ ለክፍሏ የሚሆን ትምህርት ያለበት ነው። ሁለተኛው ስለ ጤና ነው፤ እናቷ ስኳር አለባቸው። ሦስተኛውን የያዘችው ባሕሩ አጠገብ ቤት ከተከራየች ወዲህ ሲሆን የሳምንቱን ማዕበል አስቀድሞ ይናገራል። ይኸው ሦስተኛው ነገ እኩለ ቀን ላይ ቁመተ ረጅም ሰው የሚያሰጥም ማዕበል ዳር ይደርሳል ይላል።

እኔ ከትምህርት ጋር አምስተኛ ክፍል ላይ በሰላም የተለያየሁ ሰው ብሆንም የእኛን ስህተት አውቃለሁ። ባሕሩ አንድ ቀን ስላረፈ ረቡዕ ገራም ነው ብለን እናምናለን። ስለዚህ በሌላው ቀን አሥር ጊዜ የምናየውን ውኃ ረቡዕ ዘወር ብለንም አናየውም። አሥራ ሁለት ሰው ነን ታንኳዋ ላይ፤ ናና ውጡ ካሉ እንወጣለን፣ ቅሩ ካሉ እንቀራለን።

«ይህን የጻፈው ሰው እግሩን ባሕር ውስጥ ነክሮ ያውቃል?» አሏት ናና።

«እሱን አላውቅም፣ ናና። ግን ባሕሩ መሃል የተተከሉ መለኪያዎች አሉ። እነሱ እንደተነከሩ ነው የሚኖሩት።»

«አንቺስ ብትሆኚ፣ ልጄ? ባሕር ያየሽው ካርታ ላይ ነው።»

«እውነትዎን ነው። እርስዎ ሃምሳ ዓመት ያዩትን ሰማይም አላጣጥልም። ይህ ማዕበል ግን ከእኛ ሰማይ አይደለም የሚመጣው። የአምስት ቀን መንገድ ርቆ፣ ከደቡብ ነው የተነሳው። እዚህ ሲደርስ ደመና የለ፣ ነፋስ የለ። ውኃው ብቻ ነው የሚመጣው።»

የናና እጅ መረቡ ላይ ቀጥ አለ። ምክንያቱን ከእኔ በቀር ያወቀ የለም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ታናሽ ወንድማቸው እንዲህ ባለ ጥርት ያለ ረቡዕ ሲመለስ ዳር ላይ ማዕበል ገልብጦት ቀርቷል። በዋዜማው፣ ማክሰኞ፣ የተፈታች ታንኳ እንዲያስር እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ የላኩት ናና ነበሩ። ባሕሩን ከዕረፍቱ ያስነሳሁት እኔ ነኝ እያሉ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ተሸክመው ኖረዋል። ለእኔ የነገሩኝም ባወራው ማንም እንደማያምነኝ ስለሚያውቁ ነው።

ወደ ጆሯቸው ጠጋ አልኩ። ስለ ውሸት እኔን የሚያህል አዋቂ የለምና ውሸታም እንዴት እንደሚያዝ አውቃለሁ። የሆነውን ሳይነግሯት የዚያን ረቡዕ ቀንና ዓመት ብቻ ይስጧት አልኳቸው። ሰጧት። ድረ ገጹ ያለፉትንም ቀኖች ያስቀምጥ ኖሯል፤ ጣቷን እያንሸራተተች ወደ ኋላ ሄደች።

«አገኘሁት። እኩለ ቀን ላይ፣ ከደቡብ፣ ሁለት ሜትር ተኩል። ነፋስ አልነበረም።»

«መቼ ነው የተነሳው?»

«ዓርብ።»

«ከማክሰኞ በፊት?»

«አዎ። ማክሰኞማ ሊደርስ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። እዚህ ያለ ሰው ምንም ቢያደርግ አያመጣውም፣ አይመልሰውም። ምነው ናና፣ ምን ሆነ ያን ቀን?»

ናና በትከሻቸው ጨርቅ ፊታቸውን ሸፈኑ። ጨርቁን ሲያወርዱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

«ነገ አንወጣም» አሉ።

ጓደኞቼ አጉረመረሙ። እኔ እንቅልፍ ስለምወድ ወዲያው ተስማማሁ።

በማግስቱ ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር። አምስት ታንኳ ወጣ። ኳንሳ የሚባለው አዛዥ ከታንኳው ላይ ሆኖ «ናና፣ ስልኩ ተኙ አለዎት?» እያለ አሾፈ። ናና ገመድ አምጡ ብለው አዘዙንና ዳር ላይ አስቀመጡን። እኩለ ቀን ላይ፣ ሰማዩ እንደጠራ፣ ውኃው መነሳት ጀመረ። እዚህ ላይ ምንም አልጨምርም፤ መጨመር የለመደ አፌን ያደረቀ ነገር ነው። እነሱ ሲመለሱ እኛ እስከ ወገባችን ገብተን ገመድ እየወረወርን አንድ በአንድ ጎተትናቸው። የኳንሳ ታንኳ ለሁለት ተሰበረች። ሰው ግን አልቀረም። ኳንሳ መጨረሻ ወጣና ያንን ሁሉ የባሕር ውኃ ከተፋ በኋላ ናና እግር ላይ ወደቀ። ናናም ማክሰኞ ዳሱ ሥር እንዲመጣ ብቻ ነገሩት።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ የናና ማክሰኞ አልተሻረም። ባሕሩ ዛሬም ያርፋል። እኛ ግን መረቡን እየጠገንን ደህና ደህናዎቹን ድረ ገጾች እንጎበኛለን። መጀመሪያ ማዕበሉን እናያለን፤ ማክሰኞን ለወግ፣ ሌላውን ቀን ደግሞ ጎህ ሳይቀድ። ቀጥሎ ስለ ሞተር ጥገና በሥዕል የሚያስረዳ አለ፤ ወር ሙሉ የሞተ ሞተራችንን ያስነሳነው በእሱ ነው። ዓሣ የምታጨሰው እማማ አራባ ከጤናው ድረ ገጽ ሰምታ ምድጃዋ ላይ ጭስ ማውጫ አስተከለች፤ ሳሏ ቀነሰ። አራተኛው የእኔ ምርጫ ነው። የዓለም አጥማጆች ዓሣ አቅፈው ፎቶ እየተነሱ ስለ ርዝመቱ የሚዋሹበት ነው፤ ብዙ ተምሬበታለሁ። ምክሬ አጭር ነው፦ ጥቂት ያዙ፣ የታመነውን ያዙ፣ ሳታቋርጡ ጎብኙ። የማዕበሉን ገጽ አስተማሪዋ የጨነቃት ቀን ብቻ ብትከፍተው ኖሮ ያን ረቡዕ ማን ሊነግረን ነበር?

የማዕበሉ ድረ ገጽ ግርጌ ላይ መልእክት መጻፊያ ቦታ አለ። ከዚያ ረቡዕ በኋላ በመጣው ማክሰኞ ናና ቃል በቃል ነገሩኝ፣ እኔ ጻፍኩ፣ አፍራኮማ ላከችው፦

«ከሞሬ፣ ከዓሣ አጥማጁ ኤጂር። ስምዎን አላውቅም። ባለፈው ረቡዕ ከእኛ ሰፈር ሃምሳ አንድ ሰው ወጥቶ ሃምሳ አንድ ሰው ተመልሷል። ወንድሜ የቀረበትን ቀንም እናንተ ዘንድ ተጽፎ አገኘሁት። ዘጠኝ ዓመት የእኔ ጥፋት ይመስለኝ ነበር። አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ ያሉበት ባሕር ደህና ነው ወይ?»