የግራ እጃቸው ተራ

መምህርት ወለተጊዮርጊስ ገሠሠ ከአባታቸው ከአቶ ገሠሠ ዘለቀ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘርፈሽዋል ተሰማ በ1948 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ከተማ ተወለዱ። በዚያው ተምረው፣ የመምህርነት ሥልጠናቸውንም ፈጽመው ወደ ወልቂጤ ተመደቡ፤ አንድ ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብለው የመጡት መምህርት ፊደል ሲያስቆጥሩ ጡረታ ደረሰባቸው። ትዳር አልያዙም፤ ስለ ትዳር የጠየቃቸውንም ሁሉ የሚያርሙት ደብተር እንዳለ ነግረው ይሸኙት ነበር።

በ1987 ዓ.ም. ሞራግ የምትባል ወጣት የስኮትላንድ ተወላጅ እንግሊዝኛ ልታስተምር ወደ ትምህርት ቤታቸው መጣች። በደረቷ የምታደርገው ጌጥ በአገሯ ወንዝ ዳር ከሚለቀም ባለ መስመር ጠጠር የተሠራ ሲሆን፣ ተሞርዶና ተወልውሎ በብር ሲታሰር እንኳ በአገሯ ሰው ዘንድ ያው ጠጠር እንደሚባል፣ ልጆች የሚጫወቱበትን ደግሞ ቸኪ እንደሚሉት ስታስረዳቸው፣ መምህርት ጨዋታው የእኛው ቅልቦሽ መሆኑን ተረድተው ከደጅ አምስት ጠጠር ለቅመው መጡ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ የሰው አገር ሰዎች በረንዳ ላይ ተቀምጠው አንዱን ወደ ላይ ወርውረው ሌሎቹን እያፈሱ፣ የወረወሩትንም እየቀለቡ ሲሣሣቁ ሰፈሩ ሁሉ ያያቸው ነበር። ሞራግ ወደ አገሯ ስትሄድ ከአምስቱ አንዱን ወስዳ፣ በምትኩ ቀይና ነጭ መስመር ያለበትን የአገሯን ጠጠር ተወችላቸው። እመለሳለሁ ብላ ነበር፤ አልተመለሰችም።

መምህርት ግን ቅልቦሹን አልተዉም። የራሳቸውን ተራ በቀኝ፣ የሞራግን ተራ በግራ እጃቸው ይጫወቱ ነበር፤ ግራው እየቆየ ጎበዘና ማሸነፍ ጀመረ፣ እሳቸውም ተሸንፈው የገቡ ቀን ፊታቸው ይፈካ ነበር። ያም ሆኖ ብቸኝነት ከባድ ነው፤ በዓል በመጣ ቁጥር በራቸውን ገርበብ አድርገው ሰው ይጠብቁ ነበር።

በዚህ በ2017 ዓ.ም. የደም ግፊት ጥሏቸው ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። በአታት ሆስፒታል ተኝተው ሲታከሙም ያስጨነቃቸው ሞት ሳይሆን የሞራግ ተራ መቅረቱ ነበር። ይህን የሰሙት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሰፍያ ጠጠሮቹን ከቤት አምጥተው ከአልጋው ጫፍ ተቀመጡና፣ ቢስሚላህ ብለው የግራውን ተራ ወሰዱ። አሸነፉም። መምህርት ከልባቸው ሳቁ፤ በማግሥቱም ዐረፉ።

ልጅ አልወለዱም፤ እህት ወንድሞቻቸውም ቀድመዋቸዋል። ከኋላቸው የቀሩት ያስተማሯቸው ልጆች፣ የት እንዳለች የማናውቃት ሞራግ፣ እንዲሁም ወይዘሮ ሰፍያ ሲሆኑ፣ ወይዘሮ ሰፍያም ዛሬ ጠዋት በዚያው በረንዳ ላይ ሁለቱንም ተራ ብቻቸውን ሲጫወቱ ታይተዋል።

እግዚአብሔር አምላክ የመምህርት ወለተጊዮርጊስን ነፍስ ሰው ከሰው በማይለይበት ቤቱ ያሳርፍልን። አሜን።