ከታችኛው መስመር በታች የወረደችው ነጥብ

ዛሬ የምንሸኛቸው የገመድ ፋብሪካው ጥራት ተቆጣጣሪ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ተወልደው፣ የአባታቸውን ሜትር መጫወቻ አድርገው አደጉ። በስታቲስቲክስ በዲፕሎማ ተመርቀው በሃያ ሦስት ዓመታቸው ፋብሪካው ሲቀጥራቸው፣ ገመድ በተበጠሰ ቁጥር ተረኛውን ሠራተኛ መቅጣት እንጂ ምክንያቱን መፈለግ አልተለመደም ነበር።

እሳቸው ግን በየሰዓቱ አምስት ገመድ እያስወጠሩ፣ ስንት ኪሎ ላይ እንደተበጠሰ አማካዩን አውጥተው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት በነጥብ ያሰፍሩ ጀመር። ነጥቦቹ ከወትሮው ውጤት አስልተው ባሰመሯቸው በላይኛውና በታችኛው መስመር መካከል ከፍ ዝቅ ቢሉ ማንም አይወቀስም፤ ከመስመር የወጣች ነጥብ ስትታይ ግን ማሽኑ ቆሞ ምክንያቱ ይፈለጋል። በዚህም ብልሽቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ፤ ሠራተኞቹም «ጋሽ ነጥብ መጡ፣ ሳቅህን ሳይለኩብህ ዝም በል» እየተባባሉ ይቀልዱ ነበር። የመጋዘን ጸሐፊ የነበሩትን ባለቤታቸውን እዚያው አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ሥራቸውን ሊያዩ የመጡ እንግዶች ደጅ በደረሱበት ሰዓት፣ አንዲት ነጥብ ከታችኛው መስመር በታች ወረደች። መፈተኛው መሣሪያ ተሳስቶ ይሆናል ብለው በላጲስ አጠፏት፤ በምትኳም መሀል ላይ ሌላ አኖሩ፤ ማሽኑም አልቆመም። በዘጠነኛው ቀን፣ ያች ነጥብ በጠፋችበት ሰዓት ተፈትሎ የነበረ ገመድ ጭነት እንዳንጠለጠለ ተበጥሶ አንድ ጫኝ ገደለ። መርማሪዎች ወረቀቱን አይተው እንከን የለውም አሉ።

ለሟች ሚስት እውነቱን ሊናገሩ ኮታቸውን ለብሰው ሲነሡ፣ ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆመው «ልጆቹ እስኪያድጉ እንኳ ቆይ» ብለው መለሷቸው። ልጆቹ አደጉ። ወረቀቱ ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ፤ እሑድ እሑድ አውጥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ሲያነሡት፣ ላጲስ ያላጠፋው የእርሳሱ ጠባሳ ወለል ብሎ ይታይ ነበር። ከዚያ ወዲህ እርሳስ ቤታቸው አልገባም፤ ልጆቹ የቤት ሥራቸውን በእስክሪብቶ ሠርተው አደጉ። የልብስ ማስጫው ገመድ በነፋስ ሲያቃስትም ወሬያቸውን አቋርጠው ያዳምጡ ነበር።

የልብ ሕመም ከጸናባቸው በኋላ የደም ግፊታቸውን በየጠዋቱ በነጥብ ያሰፍሩ ነበር። ከትናንት በስቲያ ነጥቧ ከታችኛው መስመር በታች ስትወርድ፣ ባለቤታቸውን «አደራ፣ እንዳታጠፊያት» አሏቸው፤ በዚያው ቀን በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። በደረት ኪሳቸው ያ አሮጌ ወረቀት ተገኘ፤ ነጥቧን ጠባሳው ላይ በእስክሪብቶ መልሰው፣ ከጀርባው የሆነውን ሁሉ ዘርዝረው፣ «በቀብሬ ቀን ይነበብ» ብለው ጽፈውበታል። ይኸው ተነበበ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። የጫኙ ሚስት ትናንት ሰው ተልኮባቸው ዛሬ መጥተው ከመካከላችን ተቀምጠዋል፤ ያን ቀን በሩ ላይ የቆሙት ባለቤታቸው ዛሬ ማለዳ በዚያው በር አስገብተዋቸዋል። አምላክ አስቀድሞ የጫኙን፣ ቀጥሎም የእሳቸውን ነፍስ ያሳርፍልን።