መድናን ማን ጠየቃት?

በድሩ የመጋዘኑን ቁልፍ ቤት ረስቶ ባይመለስ ኖሮ ያን ቀን በሰላም ምሳውን በበላ ነበር። በድሬ ዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ አልጋና ቁም ሳጥን ይሸጣል። በ፲፱፻፸፰ ዓ.ም. ለሰርግ ወራት ብሎ ያለውን ገንዘብ ሁሉ አፍስሶ አዲስ ቁም ሳጥን ሊያዝ ቆርጦ ነበር። በሚስቱ በመድናም ይቀናል፤ መቅናቱን ፍቅር ነው እያለ ይኮራበታል።

በሩ ላይ ሲደርስ ከበረንዳው የመድናን ድምፅ ሰማ።

«ለማንም አልተናገርኩትም፤ ሆዴ ይፍጀው ብዬ ነው።»

ደሙ ፈላ። ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር! ከአጥሩ ኋላ ቆመ።

«ለቤት ትልቅ ዕቃ ለመግዛትስ ጊዜው ጥሩ ይመስልዎታል?» አለ የማያውቀው ወጣት ድምፅ።

«ዘንድሮ ቁም ሳጥን የሚገዛ ሰው ጤነኛ ነው?»

በድሩ ሁለቴ ተወጋ፤ አንዴ እንደ ባል፣ አንዴ እንደ ነጋዴ። በሩን በርግዶ ገባ።

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

ወጣቱ ተነሥቶ እጅ ነሣ። «ክፍሉ እባላለሁ፤ የከዚራ ሰፈሩ የባቡር ሠራተኛ የአቶ ገብረ መድኅን ልጅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ምጣኔ ሀብት እማራለሁ። ሰዎች ስለ መጪው ዓመት ኑሯቸው ምን እንደሚያስቡ ለመመረቂያ ጽሑፌ አጠናለሁ።»

«ከድሬ ሕዝብ ሁሉ የኔን ሚስት መረጥክ?»

«እኔ አልመረጥኳቸውም። ቤቱም፣ ከቤቱ የሚጠየቀውም ሰው በዕጣ ነው የሚወጣው።»

«አቦ፣ እኔን አትጠይቅም ነበር?»

«እርስዎ ቢጠየቁ ምን ይሉ ነበር?»

«ቁም ሳጥን ግዙ እላለኋ!»

«ዕጣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው» አለ ክፍሉ በትሕትና። መድና ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች፤ በድሩ በሳቋም ቀና።

«ወላሂ፣ የነገን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው። የሴት ፍርሃት ለቅመህ ምን ታደርገዋለህ?»

«የነገን አላህ ያውቃል፣ ጋሽ በድሩ። ነገን የፈራ ሰው ግን ዛሬ እጁን ይሰበስባል። ሁሉም ሲሰበስብ አናጢው ሥራ ይፈታል፣ የእርስዎም ዕቃ አቧራ ይለብሳል። እኔ ከመቶ ሰው ‹ይሻላል› ከሚሉት ላይ ‹ይከፋል› የሚሉትን እቀንሳለሁ፤ ልዩነቱ የከተማውን ስጋትና ተስፋ ያሳየኛል። ከመንፈቅ በኋላ ወደ እነዚሁ ቤቶች ተመልሼ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቃል እደግማለሁ፤ የታማሚን ትኩሳት ደጋግሞ እንደ መለካት ነው። ስም አልጽፍም። ስም ከተጻፈ ሰው ሁሉ ‹ደህና ነው› ይላል።»

ይህን እንኳ በድሩ አላጣውም፤ በቀበሌ ስብሰባ «ኑሯችን ተሻሽሏል» ሲባል አብሮ አጨብጭቧል። ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ምንድን ነው ሆዴ ይፍጀው ያልሽው?»

«ልጃችን ኢስማዒል ዘንድሮ ለብሔራዊ ውትድርና ዕድሜው ይደርሳል።» አንገቷን ደፋች። «ልጄን ይወስዱብኛል እያልኩ ምን ዕቃ እገዛለሁ? የጎረቤት እናቶችም ሐሳባቸው ይኸው ነው።»

«ለኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተማ ‹ደህና ነን አይደል?› ትላለህ እንጂ መቼ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

በድሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከሚስቱ ጋር አንድ ትራስ ተንተርሶ ሲኖር ያልሰማውን ፍርሃት ይህ እንግዳ ልጅ በአንድ ረፋድ ሰማው። ቅናቱ አንገበገበው፤ ግን በድሩ ሞኝ አልነበረም።

ቁም ሳጥኑን አላዘዘም። አሮጌ አልጋ እየጠገነ በመሸጥ ክፉውን ወቅት አለፈው፤ ሱቃቸውን በአዲስ ዕቃ የሞሉት ግን ገዢ አጥተው ተቀመጡ። የሰውን ስጋትና ተስፋ አስቀድሞ የለካ ነጋዴ ከኪሳራ፣ ፋብሪካ ከከንቱ ድካም፣ አገርም ከድንገተኛ ችግር ይድናል። በድሩም ማታ ማታ መድናን ይጠይቃታል፤ ከጠየቀ በኋላ ምላሱን ነክሶ ያዳምጣል።

ክፍሉ ከመንፈቅ በኋላ ሲመለስ በድሩን በሩ ላይ ቆሞ አገኘው።

«ግባ፣ ጠይቃት» አለው። «በዚህኛው ዙር ግን ቀድሜህ ሰምቻለሁ።»