ፈረንጅ ጠርናፊ የለውም

ከቦንጋ ወደ ዋጫ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጠ መምህር ቪዲዮ ቤት ያየውን ፊልም አጠገቡ ላሉት ሴትዮ ይተርካል።

«ሰውዬው እየመረጠ ይገድላል፣ እትዬ። ሰባት ሰው ጨረሰ!»

«ፖሊሶቹስ?»

«ያጠናሉ። የሟቾቹን ፎቶ ግድግዳ ላይ ለጥፈው ሲያፈጡ ይውላሉ።»

«አይ ፈረንጅ! እንደኛ አንድ ለአምስት ቢደራጁ ኖሮ በማግስቱ ይዘውት ነበር።»

«ማን ይይዘዋል?»

«ጠርናፊው ነዋ! የእኛ የአምስታችን ጠርናፊ ምን ወጥ እንደሠራሁ ሳይቀር ለቀበሌ ሪፖርት ያደርጋል። ገዳይ ያመልጠዋል?»

«ታዲያ ገዳዩ ማን ሆኖ ተገኘ መሰለዎት?»

«ማን?»

«ጎረቤታቸው! ትሁት ሰው ነው፤ ሰላም ሲል ጎንበስ ይላል። ለካ ማን ስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ማን ቤት እንግዳ እንደገባ፣ ማን ብቻውን እንደሚያድር፣ ሁሉንም ደብተር ላይ ይጽፋል።»

ሴትዮዋ አማተቡ።

«በስመ አብ! እሱማ ጠርናፊ ነው!»

ሚኒባሱ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ።

እኔም ከሰው እኩል እየሳቅሁ፣ ጭኔ ላይ የነበረውን የአንድ ለአምስት ደብተሬን ቀስ ብዬ ጃኬቴ ውስጥ ከተትኩት።