ዱቡሻ ላይ የተነገረ ነገር

ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ከገረሴ የመጡ አዛውንት ለማያውቋት ወጣት ወረቀት ሰጥተው አስነበቧት።

«የፖሊስ መጥሪያ ነው፣ አባባ። የቀበሌውን ሊቀመንበር ስም አጥፍተዋል ይላል።»

«አላጠፋሁም። በሽማግሌ ሸንጎ፣ ዱቡሻ ላይ፣ ሕዝብ ፊት ተነስቼ ‹የግጦሽ መሬታችንን ለዘመድህ ሰጠህ› አልኩት።»

«እሱን እኮ ነው የሚሉት።»

«እዚያ ጥፋተኛው የሚያውቀውን የደበቀ ነው። ጎሜ ነው።»

«ጎሜ ምንድን ነው?»

«ነውር ነው፣ ልጄ። መዘዙ ልጅና ከብት ላይ ይደርሳል። እሱም ጥፋቱን አመነ፤ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ አስታረቀን።»

«ታዲያ ማን ከሰሰዎት?»

«አንዱ በስልክ ቀርጾ ፌስቡክ ላይ ለቀቀው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።»

«ሰብዓዊ መብት ቢሮ አያመለክቱም?»

«ሄጄ ነበር። ‹ማን በደለህ?› አሉኝ። ከታረቁ በኋላ በዳዬ ብሎ መክሰስም ጎሜ ነው። የማንንም ስም ሳልጠራ ወጣሁ።»

«እንግዲያው ሊቀመንበሩ ራሳቸው ይመስክሩልዎት።»

«ይኸው፣ አጠገቤ ነው። እሱ ሊያነብልኝ ስላፈረ ነው ላንቺ የሰጠሁሽ።»

መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሰውዬ አቀርቅሮ፣ «ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ። ፖሊሶቹን ‹ታርቀናል፣ ተዉት› ብላቸው፣ ‹ጉዳዩ ካንተ አልፏል› አሉኝ» አለ።

«ካንተ ካለፈ የማን ነው?» አሉት አዛውንቱ።

«እኔንጃ፣ አባ። አብረን እንጠይቃቸዋለን።»

ጉልበቴ ላይ የነበረውን ስልኬን አነሳሁና፣ ከሲቀላ ጀምሮ ስቀዳው የመጣሁትን ድምፃቸውን አጠፋሁት።