የማሂ ቀይ መድኃኒት

በእኛ ጊዜ ለልጅ ምን እናጠጣ ብሎ የሚጨነቅ ሰው አልነበረም። ልጅ ውሃ ይጠጣል፣ ወተት ከተገኘ ወተት ይጠጣል፣ አለቀ። እኔ ብዙ አላወራም፤ ታውቁኛላችሁ። ዛሬ ግን ያንን ሕፃን ቀይ ነገር በጡጦ ስታጠጡት አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ። እና ስሙኝ። አንቺ ማሂ ደግሞ አትሳቂ፤ ገና አልጀመርኩም።

ያኔ ይቺ ማሂ አራት ዓመቷ ነው። እኔ የጭነት መኪና መንዳቱን ትቻለሁ፤ ዓይኔም ወገቤም እምቢ ብሎኛል። እዚሁ ወደብ ከተማ፣ ዋራበሌ ሰፈር፣ እዚችው ቆርቆሮ ቤት ነን፣ እኔና እሷ። እናቷ፣ ልጄ ጥሩነሽ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚሉት የሀብታሞች ሰፈር፣ ፈረንሳዮች ቤት አዳሪ ሠራተኛ ናት፤ የምትመጣው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። ታዲያ ሙቀቱ ሲገባ ማዳሟ ልጆቿን ይዛ ለሁለት ወር ወደ አርታ ልትወጣ ሆነ። አርታ ተራራ ነው፣ ነፋሻ ነው። ጥሩነሽም አብራ ልትሄድ ነውና ልትሰናበተን መጣች።

«አባባ» አለችኝ፣ «ልጅቷ ከስታለች። ይሄ ሙቀት ይጥልብኛል። ስመለስ እንዲሁ ሆና ካገኘኋት ድሬዳዋ እህቴ ጋ እልካታለሁ።»

«እሺ» አልኩ።

እሺ አልኩ እንጂ ሆዴን እኔ ነኝ የማውቀው። ማሂ ከሄደች እዚህ ቤት ምን ልሠራ ነው? እኔ እኮ አላወራም፤ ለእኔም ለራሷም የምታወራው እሷ ናት!

ታዲያ ጥሩነሽ አንድ ካርቶን አስቀመጠች፤ ስድስት ጠርሙስ፣ ቀይ። «ማዳም የሰጠችኝ ሲሮ ነው፤ ለማሂ በውሃ እየበረዙ ይስጧት» አለች። ውጭ ሚኒባሱ ጡሩምባውን ነፋ፤ ሮጠች።

ሲሮ! እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ለእኔ የጉንዳን መንገድ ነው። ግን ጆሮ አለኝ። ፈረንሳይ የቃል ጭራ እንደሚውጥ ወደብ ስመላለስ ሰምቻለሁ። ፊቱን ይልና መጨረሻውን ይውጠዋል። እና እኔ ምን አልኩ? ሲሮ ማለት ሽሮፕ ነው፣ «ፕ»ዋን ውጠዋት ነው፣ አልኩ። ሽሮፕ ደግሞ የሳል፣ የትኩሳት መድኃኒት ነው። ስድስት ጠርሙስ መድኃኒት! ልጄ ይሄን ያህል ታማለች እንዴ? እናቷ ደብቃኝ ነው? እንዳልጨነቅ ብላ ነው? ያን ቀን እህል አልበላሁም።

እና ማከም ጀመርኩ። በጠርሙሱ ክዳን እለካለሁ፣ ውሃ ውስጥ እጨምራለሁ፣ በስመ አብ ብዬ አማትባለሁ፣ አጠጣታለሁ። ጠዋት አንድ፣ ቀትር አንድ፣ ማታ አንድ። አንዲት ቀን አላሳለፍኩም። ደግሞ የሚገርማችሁ፣ የሰው ልጅ መድኃኒት ሲያይ ከአልጋ ሥር ይገባል፤ የእኔዋ ክዳኑ ቀጭ ሲል ከጎረቤት እየሮጠች ትመጣለች! «አባባ፣ ሽሮፔ! አባባ፣ ሰዓቱ አልደረሰም?» እኔም ለጎረቤቱ ሁሉ ኮራሁ። «የእኔ ልጅ ብልህ ናት፣ መድኃኒት ትወዳለች» እላለሁ።

ታዲያ እየቆየች እህል ተወች። ወተት ስሰጣት ፊቷን ታዞራለች። ንጹሕ ውሃ ስሰጣት «ጨው ጨው ይላል» ትላለች፤ የዚህ አገር ውሃ መቼም ታውቁታላችሁ። ብሎም መንጋጋዋን ይዛ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ምን አልኩ? ሕመሙ ጠናባት፣ አልኩ። እና መድኃኒቱን ጨመርኩ! ሁለት ሁለት ክዳን አደረግኩት! ሳቁ፣ ሳቁ። እኔ ያኔ አልሳቅሁም።

ከዚያ ሃዋ መጣች። ሃዋን ታስታውሷታላችሁ፣ የግመል ወተት የምትሸጠዋ ሱማሌ፤ ድሬዳዋ ኖራ አማርኛውን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው። በር ላይ ቆማ ስለካ አየችኝ።

«ዋሪያ ደምሴ! ምንድን ነው እሱ?»

«መድኃኒት።»

«የምን?»

«እናቷ ናት የምታውቀው።»

ጣቷን ክዳኑ ውስጥ ነከረችና ላሰችው። ደግማ ነከረች። ደግማ ላሰች። ከዚያ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ዋላሂ ደምሴ፣ ይሄ መድኃኒት ከሆነ እኔም ታምሜአለሁ!» አለች። «ስኳር ነው እኮ! ፈረንሳዮች በውሃ በርዘው ለእንግዳ የሚሰጡት ነው!»

«አይ፣ ሽሮፕ ነው» አልኩ።

«ቅመሰው!»

ለካ እኔ አንድ ቀን እንኳ አልቀመስኩትም! የልጅ መድኃኒት ማን ይቀምሳል? ቀመስኩት። ከማር ይጣፍጣል።

ሃዋ እጄን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችን። ነርሷ በፈረንሳይኛና በሱማሌኛ ትናገራለች፤ ሃዋ ትተረጉማለች። ነርሷ የማሂን ጥርስ አየች፣ አንገቷን ነቀነቀች፣ ብዙ ተናገረች። «ምን አለች?» አልኩ። ሃዋ፣ «ሆዷን ስኳር ሞልቶት ነው እህል እምቢ ያለችው፣ ጥርሷንም የበላው እሱ ነው፣ ትላለች። በየቀኑ የምትጠጣው ውሃና ወተት ይሁን፤ ጣፋጩ ለበዓል ይቆይ። ብርቱካን ካለህም አትጭመቀው፣ ራሱን ትብላው» አለችኝ።

«ውሃ? ውሃ ለመባል ነው ፀሐይ ላይ የተሰለፍኩት?»

«አዎ፤ አንተ መች ትሰማለህ ያለ ሰልፍ!»

እሺ፣ ውሃ። ግን ማሂ ውሃውን እንዴት ትጠጣው? ጨው ጨው የሚል፣ የሞቀ ውሃ! ሦስት ቀን ተጣላን። «ሽሮፔን!» ትላለች፤ ውሃ እቀዳላታለሁ። «ሽሮፔን ደበቅከው!» ትላለች፤ ብርጭቆውን ትገፋዋለች። ጥሩነሽ ልትመለስ ጥቂት ሳምንት ነው የቀራት። ድሬዳዋ በዓይኔ ላይ ይመላለሳል።

ታዲያ የመኪናው ጊዜ ትዝ አለኝ። በረሃውን ስናቋርጥ ጄሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ከመኪናው ጎን እናንጠለጥለው ነበር፤ ነፋሱ ሲመታው ውሃው እንደ ምንጭ ይቀዘቅዛል። እንደሱ አደረግኩ። በጥላ በኩል፣ ካምሲን የሚሉት ነፋስ በሚነፍስበት፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ሰቀልኩት። ውሃ ሲቀዘቅዝ ጨውነቱ አይሰማም። ሁለት ጠብታ ሎሚ ጨመርኩ። እና ያንን ቀይ ክዳን አጥቤ፣ በሰዓቱ፣ ቀትር ላይ፣ ቀጭ አደረግኩት።

እየሮጠች መጣች! አየችው። «ቀይ አይደለም» አለች።

«የሌላኛው ጠርሙስ ነው» አልኩ። «በል አንተ መጀመሪያ ጠጣ» አለችኝ። አማተብኩ፣ ጠጣሁ፣ «እፎይ! ይሄስ ለልጅ አይሰጥም፣ ለእኔው ይሁን» አልኩ። ወዲያው ክዳኑን ቀማችኝ! ለካ እሷ የምትወደው ስኳሩን ብቻ አይደለም፤ መለካቱን፣ ማማተቡን፣ ሰዓቱን ነው፤ እኔ እሷን ብቻ ማየቴን ነው። እና ጠዋት ውሃ፣ ቀትር ውሃ፣ ማታ የሃዋን ወተት አፍልቼ፣ ሁሉም በክዳኑ ተጀምሮ በብርጭቆ ያልቃል። እህሉም ተመለሰ። ጉንጯም ተመለሰ።

ጥሩነሽ መጣች። ልጇን አነሳች፣ «ኧረ ከበደችኝ!» አለች። ከዚያ ካርቶኑን አየች፤ አራት ጠርሙስ እንደታሸገ ቁጭ ብሏል።

«አባባ፣ ሲሮውን አልወደደችውም እንዴ?»

«ድናለች» አልኩ።

«ከምን?»

በቃ፣ ነገርኳት። ሳቀችም አለቀሰችም፤ ሁለቱንም ባንድ ላይ። «ያን ሁሉ ጊዜ ታመመች ብለው ብቻዎን ሲጨነቁ! መጠየቅ አይችሉም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የእኔ ጥፋት አለመጠየቅ ነው፤ ማንበብ ያቃተው ሰው መጠየቅ አለበት። ድሬዳዋን ግን ከዚያ ወዲህ አላነሳችውም። አራቱን ጠርሙስ ለፋሲካ፣ ለገና እያልን ጨረስናቸው።

እና እናንተም ለዚያ ሕፃን ቀዩን ተዉለት። የሚወደው እናንተን ነው፤ ውሃውንም በእጃችሁ ከሆነ ይወደዋል። ጨረስኩ። ብዙ አወራሁ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። ማሂ፣ እስቲ ሻይ ቅጂልኝ፤ ስኳሩን አራት አድርጊልኝ።

«አይሆንም አባባ» አለች ማሂ፣ ብርጭቆዬን እየወሰደች። «እርስዎ ድነዋል።»